ለወለቀ ዳሌ የታዘዘ ስግደት

ከደብረ ማርቆስ ገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገለበጠ። ጉልበቴ ከፊት ወንበሩ ጋር ተላተመና የቀኝ ዳሌዬ ወለቀ። ሆስፒታል አደንዝዘው መለሱት።

ዳሌው ወደ ቦታው ሲመለስ እኔ ግን ወደ ቦታዬ አልተመለስኩም። ልጄ ስነሳ ትደግፈኛለች፣ ስቀመጥ ትደግፈኛለች። ጎረቤቱ ደግሞ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ አይ እሷ፣ ምን የመሰለች ጠንካራ ነበረች ይላል። ነበረች! እዚያው ተቀምጬ እየሰማሁ! እህል ነጋዴ ነኝ፤ ኩንታል የሚያወርድ ወንድ ሁሉ ድምፄን ሲሰማ ቀጥ ይላል። በቁሜ ሲያለቅሱልኝ አንጀቴ ነደደ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ጡንቻ የምታሠራ አንዲት ወጣት ባለሙያ ነበረች። ከላስቲክ የተሠራ አጥንት አውጥታ አሳየችኝ። የጭን አጥንት ጫፉ ላይ ድቡልቡል ራስ አለው፤ ያ ራስ ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደሚገባ ከዳሌው ጎድጓዳ ይገባል፣ ዙሪያውንም ወፍራም ጅማት ጠፍሮ ይይዘዋል። አጥንቱ ድኗል፣ አሁን የሰነፈው ሥጋው ነው አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰነፍ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ከዚያ ጭኔን በጣቷ እየተጫነች አስተማረችኝ። ከፊት ያሉት አራቱ ጉልበት ይዘረጋሉ፣ ከኋላ ያሉት ያጥፋሉ፣ የውስጦቹ እግርን ወደ እግር ይሰበስባሉ። ከጎን ያለው ደግሞ በአንድ እግር ስንቆም ወገባችን ወደ አንድ ወገን እንዳይወድቅ ይይዘናል። ካጎነበስንበት ቀና የሚያደርገን ትልቁ፣ የመቀመጫው ነው። እኔ ስቀመጥበት ኖርኩ እንጂ የሚያነሳኝ እሱ መሆኑን መቼ አውቄ!

ያዘዘችኝ ሥራ ከላስቲክ ወንበር ላይ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ ነበር። ክረምቱንም በጋውንም እሱን ሠራሁ። ጭኔ ሲንቀጠቀጥ እሰድበዋለሁ፣ ልጄ ልትይዘኝ ስትመጣ እሷንም እሰድባለሁ። ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ባለሙያዋን ለስቅለት መስገድ እችል እንደሆነ ጠየቅኳት። ወርጄ ስነሳ አየችኝና ቀስ ብለው ይስገዱ፣ ካመመዎት ያቁሙ፣ እኔ አልከለክልዎትም አለችኝ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

የስቅለት ዕለት ልጄ ያንኑ ወንበር ተሸክማ ቤተ ክርስቲያን ተከተለችኝ። ዞር ብዬም አላየሁት። ቀኑን ሙሉ አለፍ አለፍ እያልኩ፣ እያረፍኩ ሰገድኩ። ወደ ማታ ሕዝቡ እንደ ወጉ ወደ ካህናቱ ተሰለፈ፤ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባን ጠብ ጠብ ያደርጋሉ፣ እንደ ኃጢአታችን መጠን ተጨማሪ ስግደት ያዛሉ። ከፊቴ የነበረችው ልጄ አርባ አንድ ታዘዘላት።

የእኔ ተራ ደረሰ። የንስሐ አባቴ ሽማግሌ ናቸው፣ ያውቁኛል። ወይራውን ትከሻዬ ላይ ለሕፃን እንደሚያደርጉት አሳረፉና አንቺ ሄደሽ ተቀመጪ፣ እግዚአብሔር ሕመምሽን እንደ ስግደት ይቁጠርልሽ አሉኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ በሐዘኔታ አሜን አለ።

ያ አሜን ደሜን አፈላው። ሰው ኃጢአቱ ሳይቀር ከተረሳለት ምን ቀረው? ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም።

«አባ፣ ኃጢአቴን የሠራሁት በምላሴ ነው» አልኳቸው። «ምላሴ ደግሞ አልወለቀም።»

እሳቸውም ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ፤ ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየሁት።

«እንግዲያው እንደ ልጅሽ» አሉኝ።

ሁለተኛው ወይራ ጀርባዬን አቃጠለኝ። ደስ አለኝ።

ከልጄ ጎን ቆሜ ጀመርኩ። መውረዱስ ማንም ይወርዳል፤ መነሳቱ ላይ ነው ጭኔን፣ መቀመጫዬን፣ የጎኑን አንድ በአንድ የምጠራቸው። ያመመኝ እንደሆነ ላቆም ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ደከመኝ፣ ተንቀጠቀጥኩ፣ ግን አላመመኝም። መሐል ላይ ቀና ስል ልጄን ከጎኔ አጣኋት። ዞር ብል ለእኔ ያመጣችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

«ተነሺ» አልኳት። «የሰነፈው ሥጋው ነው።»

እሷን ሳልጠብቅ ግንባሬን መሬት አስነካሁና ተነሳሁ።