የይርሳው እድገት

ይርሳው በኔታንያ ደቡብ፣ ኢር ያሚም በሚባለው አዲስ ሰፈር፣ የፎቆቹን አትክልት ይንከባከብ ነበር። አሠሪው ኢላን የሚባል ተቋራጭ ነው። ከጎንደር በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ከገባ ወዲህ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ሲቆፍር፣ ሲተክልና ሲከረክም ሃያ ዓመት አለፈው።

ሰውየው በአንድ ነገር ያስቸግራል። የሚያድገውንና የሚበዛውን ነገር ሰው ያለ ቃሉ ሲጠራው ዝም ብሎ መስማት አይችልም። ሚስቱ ሐረጓ ከገበያ ገብታ፣ "የቲማቲም ዋጋ አደገ" ካለች፣ "ዋጋ ይንራል እንጂ አያድግም፤ ልጅ ነው የሚያድግ" ይላታል። ልጅም ቢሆን ጡት በሚጠባበት ጊዜ ይፋፋል፤ ጢም ሊያወጣ ሲል በአንድ ክረምት ይመዘዛል። እህል ያሸታል፣ ፍሬ ይጎመራል። አንድ ቀን የአማርኛው ሬዲዮ፣ "የእኛ ሰው በኔታንያ እንደ አሸን ፈላ" ቢል ተነሥቶ ዘጋው።

"ጉንዳን አደረገን እኮ" አለ። "ሰው ይበዛል፣ ይበረክታል። ይፈላል ይባላል?"

"ፎቆቹንስ ምን ይሏቸዋል?" አለችው ሐረጓ። ባሏን እስከ ዛሬ አንቱ ነው የምትለው።

"ፎቅ ዝናብ ጠጥቶ አልበቀለ። ፎቅ ይገተራል።"

እድገት የሚለውን ቃል ግን አይወደውም። ጎንደር ገጠር ሳለ የዘመቻ ተማሪዎች ይዘውት መጡ፤ ማታ ማታ ስለ እድገት ሲያስተምሩ ከረሙና ሄዱ። ገበሬው እንደ ነበረ ቀረ፤ ያደገ ቢኖር የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ከዚያ ወዲህ ለይርሳው እድገት ማለት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሰው ከታች ተነሥቶ ወንበር ላይ ሲወጣ።

በ2006፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የሠራተኞቹ ኃላፊ ጡረታ ወጣ። ቦታው ክፍት ነው። ይርሳው ኢላንን ለመጠየቅ ቀን ሲመርጥ ጎኑን ይወጋው ጀመር። አንድ ጠዋት አካፋውን ተደግፎ ሲያቃስት ኢላን አየው።

"መጀመሪያ ሂድና ተመርመር" አለው። "ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።"

ይርሳው የሰማው ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ነው።

ኪርያት ኖርዳው ሰፈር ካለው ክሊኒክ ከሴት ልጁ ከኤሊሼቫ ጋር ሄደ፤ የሱ ዕብራይስጥ ከኢላን ትእዛዝ አያልፍም። ኤሊሼቫ ወታደርነቷን ከጨረሰች ጥቂት ወር ሆኗታል። ዕብራይስጧ እንደ ወንዝ ይወርዳል፤ አማርኛዋ ግን ከማዕድ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን ፎቶ እያየች፣ "ኩላሊቱ ላይ ጊዱል አለ" አለች በዕብራይስጥ። ጊዱል ቋንቋው ሲፈጠር ሁለት ሆኖ የተፈጠረ ቃል ነው፤ ተክል ሲያድግም ጊዱል ነው፣ በሰውነት ውስጥ የማይገባ ሥጋ ሲወጣም ጊዱል ነው። ኤሊሼቫ ደነገጠች። የሁለተኛውን አማርኛ ፈለገችው፤ አጣችው።

"አባ፣ እድገት አለ ትላለች።"

"ለኔ?"

"አዎ፣ ላንተ።"

ይርሳው ከወንበሩ ቀና አለ። "ኢላን ነግሯት ነው?"

ኤሊሼቫ ጥያቄው አልገባትም። ሐኪሟ ቀጥላ ስትናገር እሱን ለመተርጎም ቸኮለች። "ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ቀስ ማለቱ ጥሩ ነው ትላለች። ግን ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።"

"ቀስ ይበል" አለ ይርሳው። "ሃያ ዓመት ጠብቄ የለ።" ተነሥቶም የሐኪሟን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ሐኪሟ በብዙ ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አላየችም።

ኤሊሼቫ ነገሩ የገባት አውቶቡስ ውስጥ፣ አባቷ ለብቻው ፈገግ ሲል ነው። ልታርመው አፏን ከፈተች፤ ያ ፈገግታ አሳዘናትና ዘጋችው። ነገ እነግረዋለሁ አለች። በማግሥቱ ግን ሐረጓ ሹመቱን ለጎረቤቱ አዳርሳ ነበር። ቅዳሜ ከምኩራብ ሲወጡ፣ ዘመዱ የሚባል የሰፈሩ ሰው፣ "ይርሳው ተሾመ አሉ" ብሎ ሦስት ጊዜ ሳመው፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ኤሊሼቫ ጨነቃት። ቢያንስ ለምርመራው ፈቃድ ላግኝለት ብላ ወደ ኢላን ሄደችና በዕብራይስጥ ነገረችው፤ "አባቴ ኩላሊቱ ላይ ጊዱል አለበት።" ኢላን ሲጋራውን አጠፋ። የገዛ አባቱን የቀበረው በዚሁ ቃል ነው። የኃላፊነቱን ቦታ ለእህቱ ልጅ ለዩቫል ቃል ገብቶለት ነበር፤ ዩቫል ትንሽ ቢጠብቅ ምን ይሆናል አለ በልቡ። ይርሳው በሕይወት ብዙ እንደማይቆይ ገምቷል።

ማታ ኤሊሼቫ እውነቱን ልትናገር ቆርጣ ቤት ስትገባ፣ አባቷ በቀበቶው ላይ የኃላፊውን የሥራ ስልክ አንጠልጥሎ ሳሎን መሐል ቆሟል። የማከማቻው ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ቀስ ብሎ ይመጣል ብላ ነበር" አለ። "እነሆ፣ ሳምንትም አልፈጀ።"

ኤሊሼቫ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ቃል ያጣችለትን በእጇ አሳየችው፤ ጎኗን ይዛ፣ ጣቷን እንደ ድንች አድቦልቡላ።

ይርሳው የገዛ ጎኑን ዳበሰ። "ይህማ እጢ ነው" አለ። "እጢ በይ። ኢላን ያውቃል?"

"ያውቃል።"

ስልኩን ከቀበቶው ፈትቶ አየው።

"ይመልሱለት ይሆን?" አለችው ሐረጓ በቀስታ።

"ሰጠኝ" አለ ይርሳው፤ "ለምን ሰጠኸኝ ብዬ ልሞግተው?" መልሶ አንጠለጠለው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ሌላው ደግሞ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ አስከሬን መሾሙ ነው።

እጢው በቀዶ ሕክምና ወጣ። ውጤቱ ሲመጣ ክፉ አልነበረም። ኢላን ሆስፒታል ድረስ መጥቶ አቀፈው፤ ደስታው የእውነት ነው። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ የቆየው ግን ለሌላ ሐሳብ ነው። አንድን ሰው፣ ስላልሞትክ ስልኩን መልስ ብለው እንዴት ይጠይቁታል? ዩቫልም በየሳምንቱ ይደውላል።

ይርሳው ሥራው ላይ ቆየ። ሠራተኞቹ ላይ አይጮኽም፤ አማርኛቸውን ግን ያርማል፤ እነሱም ከጩኸቱ ይህ ይከብደናል ይላሉ። አልፎ አልፎ ኢላን ይመጣና በመስኖው ጀምሮ፣ በአየሩ አድርጎ ወደ ዩቫል ጉዳይ ይጠጋል። ያን ጊዜ ይርሳው እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ጎኑ ይልካል። ውሸት አይደለም፤ የተሰፋበት ቦታ አንዳንዴ ያሳክከዋል። ኢላን ግን ንግግሩን እዚያው ትቶ፣ "ውኃ ጠጣ እንጂ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም" ይለውና ይሄዳል።