ዘጠኝ ማለት አይታወቅም ነው

ስታቲስቲክስ የሚባለውን ነገር የተማርኩት አሶሳ፣ ለእህል መጋዘን ተብሎ በተሠራ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ቢሮዎቹ መጀመሪያ ታፔላ ይሰቅላሉ፣ ወንበር የሚፈልጉት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን መረጃ ሰብሳቢ ለመሆን የተመዘገብን ወጣቶች ወንበሩ እስኪመጣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን እንማር ነበር። አስተማሪያችን ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣ፣ ሙቀት የማይችል፣ ጠመኔ በተሰበረበት ቁጥር የሚናደድ ቀጭን ሰው ነው።

አማካይን ያስተማረን በማንጎ ነበር። እያንዳንዳችን ያቅማችንን እንድናመጣ ነገረን። አንዱ በፌስታል ሞልቶ መጣ፣ ሌላው ባዶ እጁን። ሁሉንም አንድ ላይ ቀላቅሎ እኩል አከፋፈለንና የተረፈችውን በቢላ እየከፈለ አደለን። “አማካይ ማለት ይሄ ነው” አለ። እኔ ወዲያው ገባኝ፤ ያን ቀን ሒሳብ የሚጣፍጥ ነገር መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቀጥሎ በየመንደራችን እየዞርን የየቤቱን የልጆች ብዛት እንድንጠይቅ ላከን። ቀላል ሥራ ይመስላል። የሁላችንም ሲደመር ግን አማካዩ አንድ ልጅ እንኳ አልሞላም። አስተማሪው ሰሌዳውን ሲያይ ቆየና “በዚህ አገር ልጅ አይወለድም እንዴ? እነዚያ ውጭ ኳስ የሚራገጡት የማን ናቸው?” አለ። እኛ አጎንብሰን ሳቅን። ምክንያቱን ከሱ በቀር ሁላችንም እናውቃለን። በእኛ ዘንድ እናት የልጆቿን ቁጥር አፏን ሞልታ አትናገርም፤ ዓይን ይበላቸዋል ብላ ትፈራለች። “ስንት ልጅ አለሽ?” ስትባል “አላህ የሰጠኝ” ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በዚህ ነገር ከወሎ የመጣው ሰፋሪም የአገሩ ተወላጅ በርታውም አንድ ነው። እኛም መጨቅጨቅ ነውር ሆኖብን መልስ ባላገኘንበት ቦታ ሁሉ ዜሮ ጽፈን መጥተናል።

አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ዜሮ ጻፈ። ከአጠገቡ ደግሞ ባዶ ሳጥን ሣለ። “ዜሮ መልስ ነው” አለን። “ተጠይቆ ታወቀ፣ ልጅ የለም፣ አለቀ። ባዶ ግን መልስ አይደለም። የማታውቁትን ዜሮ እያላችሁ ስትጽፉ በሕይወት ያለ ሰው እየገደላችሁ ነው።” ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብቻ ሳቁ አልመጣልኝም። ከዚያ ወዲያ መልሱ ያልታወቀ ጥያቄ ላይ ዘጠኝ ቁጥር እንድንጽፍ አዘዘን። ዘጠኝ ማለት አይታወቅም ነው።

ያልሳቅሁት በወንድሜ ምክንያት ነው። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ስንመጣ እኔ ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነበርኩ፣ እሱ ጥቂት ይበልጠኛል። የሰፈርንበት መንደር ስም እንኳ የለውም፤ እስከ ዛሬ በቁጥር ነው የሚጠራው። ከመነሳታችን በፊት ወሎ፣ በድርቅ ተጎጂዎች መጠለያ ውስጥ ወንድሜን ትኩሳት ያዘውና የሕሙማን ድንኳን አስገቡት። መኪናው ሲመጣ ስማችን ተጠራ። እናቴ አልሄድም ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። “በሚቀጥለው መኪና ይመጣላችኋል” ብለው ደግፈው አሳፈሯት። ከዚያ በኋላ ብዙ መኪና ወደ መንደራችን መጣ፤ እናቴ ሁሉንም ወጥታ አየች።

እሱ ባይኖርም እናቴ ማሳደጉን አላቆመችም። ክረምት በገባ ቁጥር “ዘንድሮ ድምፁ ይጎረንናል” ትላለች፤ በሌላው ክረምት “አሁን እኮ ጢም አብቅሏል።” እኔ የማስታውሰው ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳና ተኝቶ ጥርሱን ሲያፋጭ ነው። ክልሉ ሲመሠረት ከየአቅጣጫው ወጣት ጎረፈ፤ መምህሩ፣ ወታደሩ፣ የመኪና ረዳቱ። እናቴ ገበያ መሀል የማታውቀውን ጎረምሳ እያስቆመች “የየት አገር ሰው ነህ ልጄ?” ትላለች፣ ዓይኗ ግን ቅንድቡ ላይ ነው። መጀመሪያ አፍርባት ነበር። እያደር እኔም ቅንድብ ማየት ጀመርኩ። አንድ ቀን አስተማሪው ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲጽፍ ማጅራቱን አይቼ ወንድሜ መሰለኝ፤ በዕድሜ እንኳ የሚገናኙ አልነበሩም።

አባቴ ግን ሞቷል ባይ ነበር። “ሰደቃውን እናውጣለት፣ ዱዓ ይደረግለት፣ ነፍሱን አናንገላታው” ይላል። እናቴ “ልጄን በቁሙ ልትቀብረው ነው?” ብላ ትነሳለች። ጭቅጭቁ ሲመሽ በሩ ላይ ይቀጥላል። አባቴ የጅብ አገር ነው ብሎ በሩን ይቀረቅራል፤ እሱ ጋደም ሲል እናቴ ተነስታ መቀርቀሪያውን ታወጣዋለች። ልጁ መጥቶ ዝግ ሆኖበት ቢመለስስ ባይ ናት። እኔ ነፋስ በሩን ባንቀሳቀሰው ቁጥር ብርድ ልብሴን እስከ ራሴ እስብ ነበር። የምወደው ወንድሜ ነው፣ ግን በሌሊት የማላውቀው ሰው ሆኖ በዚያ በር እንዳይገባ እፈራ ነበር። እንቅልፍ የሚወስደኝ የአባቴን ቃል ለራሴ እየደጋገምኩ ነው፤ ሞቷል፣ አይመጣም።

ልምምዱ እንዲደገም ሲታዘዝ ከጎኔ የሚቀመጠው የበርታ ልጅ መላ አመጣ። “ቁጥር አትጠይቅ” አለን በተሰባበረ አማርኛው። “እናት ቁጥር አይናገርም። ‘ልጆችህ ማን ማን ይባላል?’ በል። እሱ ስም ይጠራል፣ አንተ ዝም ብለህ ትቆጥራለህ። ሀላስ፣ አለቀ።” አስተማሪው ወደደውና ደንብ አደረገው። ሌላም ደንብ ጨመረ፦ እያንዳንዳችን ከገዛ ቤታችን እንድንጀምር፣ የምናውቀውንም እንደማናውቅ ሆነን አባወራውን እንድንጠይቅ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ማንጎው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። እናቴ ጥቂት ራቅ ብላ ማሽላ ታበጥራለች። የመጣሁበትን ስነግረው ሽርጡን አስተካክሎ “እስኪ የመንግሥት ሰው፣ ጠይቂን” አለኝ። ቤት ያሉትን ልጆቹን በስም ጠራልኝ። ባምባሲ ያገባችውን ታላቅ እህቴንም ጠራ። ጻፍኩ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ እንዳለው “በሕይወት የሌሉ ልጆችስ?” አልኩ።

የእናቴ ሰፌድ ድምፁ ጠፋ። አባቴ እጄ ላይ ያለውን እስክሪብቶ ያይ ጀመር። ሞቷል ሲል ስንት ምሽት ሰምቼዋለሁ። እንዲለው እፈልግ ነበር፤ እስክሪብቶዬን “ሞቷል” የሚለው ቦታ ላይ አድርጌ ጠበቅሁት።

“ባዶውን ተይው” አለ።

“ባዶ መተው አይቻልም አባ። አስተማሪው አይቀበለኝም።”

“ታዲያ ምን ይባላል?”

“ሞቶ እንደሆነ እዚህ፣ ሌላ አገር ካለ እዚያ። ካልታወቀ ደግሞ ዘጠኝ ይጻፋል።”

“ዘጠኝ በይው” አለኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ላለማየት ፊቱን አዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ይሄ ወረቀት ወደ ሌላ አገርም ይሄዳል? ምናልባት የሚያውቀው ሰው ያነበው እንደሆነ” አለ። ልምምድ ብቻ እንደሆነ ሳልነግረው ዘጠኙን ጻፍኩ። እናቴ ሰፌዷን እንደያዘች ታየው ነበር። ያን ያህል ጊዜ አብረው ኖረው፣ ያን ለት ገና የምታውቀው ይመስል ነበር።

ከሰዓት ክፍል ገብተን ስንደምር አስተማሪው “ዘጠኞቹን ከስሌቱ አውጡ፣ አለዚያ አማካዩን ያበላሹታል” አለ። ትክክል ነበር። ወንድሜን በአንድ መስመር ሰረዝኩና ደመርኩ። አማካዩ አምስት ከምናምን ልጅ ወጣ። ከኋላ አንዱ “ማንጎስ ይቆረጣል፣ ይሄ ምናምኑ ልጅ የማን ነው?” ብሎ ቀለደ። ክፍሉ ሲስቅ እኔ የሰረዝኩትን መስመር በእጄ ሸፈንኩት።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። “ተቀበሉሽ?” አለችኝ። “ተቀበሉኝ” አልኳት።

ሲመሽ አባቴ እንደ ልማዱ መቀርቀሪያውን አነሳ። በእጁ ይዞት ትንሽ ቆመ። ከዚያ ግድግዳው ላይ አስደገፈውና ሄዶ ጋደም አለ። እናቴም አየችውና ከጎኑ ተኛች፤ ያን ለት የምትነሳበት ምክንያት አልነበራትም። እኔ ብርድ ልብሴን እስከ ራሴ ስቤ በሩን አዳምጥ ነበር። እንደ ልማዴ ሞቷል፣ አይመጣም ልል ብዬ አፌ ላይ ቀረ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ወንድሜ ሞቷል የሚለኝ ሰው አልነበረም።