በገዳሪፍ የበላነው የፋሲካ ዶሮ

ከባሕር ዳር የወጣንበት ሌሊት ጨረቃ አልነበረውም፤ ሌሊቱን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ቀበሌው «የውጭ ሬዲዮ እያዳመጠ ለሰፈሩ ያወራል» ብሎ ይፈልገኝ ነበር። አልዋሹም፤ ሰፈራችን ሹም አቦ ላይ ከእኔ በቀር ያን ጣቢያ አጥርቶ የሚይዝ ሰው አልነበረም። የሬዲዮ ጥገና ማንም አላስተማረኝም፣ ፈትቼ እየገጠምሁ ነው የለመድሁት። ታላቅ እኅቴን እናኑን «ሸሽገሽዋል» ብለው አስረው ገርፈዋት ስለነበር፣ ትቻት አልሄድም አልሁ። ሦስተኛችን ሱቁን የወረሱበት የጨርቅ ነጋዴ ሰዒድ ነው፣ የልጅነት ጓደኛዬ። ቀን በየደሴቱ ደንገል ውስጥ እየተኛን፣ ሌሊት በታንኳ እየቀዘፍን ደንቢያ ደረስን። ከዚያ ከቆላ ድባ የእህል ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅለን ወደ መተማ፣ ከመተማም ድንበር ተሻግረን ሱዳን፣ ገዳሪፍ።

ወገኖቼ፣ ገዳሪፍን ላላያችሁ ልንገራችሁ። የጣና ነፋስ ፊት ያብሳል፣ የገዳሪፍ ነፋስ ፊት ይፍቃል። እንጀራ ስትሉ ኪስራ የሚሉትን ስስ የማሽላ ቂጣ ይሰጧችኋል፤ ወጡ ሳይነካው እጅ ላይ ይቀደዳል። ዐረብኛውን ግን ሌላው በምልክት ሲያወራ እኔ ከገበያ ለቅሜ ጨረስሁት። ቤት የተከራየነውም በእኔ አንደበት ነው።

ሁዳዴ ሲገባ እናኑን ወባ ጣላት። ሐኪሙ ወተት ጠጪ ቢላት «ሞትን ፈርቼ ጾሜን አልገድፍም» አለች። እየመነመነች ሄደች። ለፋሲካ ግን ቃል ገባችልኝ።

«ዶሮ እበላለሁ፣ በስመ አብ ብለህ አንተ ካረድኸው። የእስላም ሥጋ አፌ አይገባም። ሰዒድዬ፣ አትቀየመኝ።»

«ምን ያስቀይመኛል እትዬ? እኔስ የእናንተን መች በልቼ አውቃለሁ!» አላት፤ ሳቅን። አገራችን እንዲህ ነው፤ ድግስ ሲኖር የእነሱ ድስት ለብቻ ይጣዳል፣ ማንም አይከፋውም።

የከፋው አከራያችን ሐጂ ነው። «በግቢዬ ያለ ቢስሚላህ ደም አይፈስም» አለኝ።

«ከበሩ ውጭ ባርድስ?»

«ውጭው የመንግሥት ነው።»

«አጥሩ ሥርስ?»

«የአጥሩ ግማሽ የጎረቤቴ ነው። ግማሽ ዶሮ ታርዳለህ?»

በክርክር ተሸንፌ አላውቅም፤ መልስ ሳዘጋጅ ግን ሰዒድ ቀደመኝ። «እኔ አርደዋለሁ፣ ሐጂ» አለው።

የፋሲካ ጠዋት ሰዒድ በሩን በጀርባው ከልሎ ቆመ፣ እኔ በስመ አብ ብዬ አረድሁ። ወጡንም የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ከአገር በቋጠርነው በርበሬ፤ እንደዚያ ያለ ወጥ ገዳሪፍ አይታ አታውቅም። ሰዒድ ምስሩን ይዞ አጠገባችን ተቀመጠ። እናኑ ትራስ ተደግፋ አንድ ጉርሻ ዋጠች። ደገመች። ፊቷ ሲፈካ አየሁ።

ይህን ጊዜ አከራዩ «ዒድ ሙባረክ!» እያለ፣ እንኳን አደረሳችሁ ማለቱ ነው፣ ገባና እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። «ሰዒድ ያረደው ከሆነ እኔም ልቅመስ።»

ሰዒድን አየሁት። ዝም ቢል ቤት አለን፣ እናኑም ገና መብላቷ ነው። እሱ ግን ወጡ ጋ ሊደርስ የነበረውን የሰውየውን እጅ ያዘ።

«አይብሉ፣ ሐጂ። ያረድሁት እኔ አይደለሁም።»

ሐጂ ተነሣ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። «አንተ ሰዒድ፣ ለእኔ ይህን?» አለ። እኔን፣ ዐረብኛ አዋቂውን፣ ዞሮም አላየኝ። ሳይመሽ ውጡልኝ አለን።

እናኑን ከነአልጋዋ ተሸክመን በዚያ ፀሐይ ወደ ስደተኛው ሰፈር ሄድን። ሰዒድ መንገዱን ሁሉ «በደልሁዎት እትዬ» ይላል።

«ዝም በል ልጄ፣ ሰው የማይበላውን አታበላውም» አለችው።

ከዚያ ወዲያ አልዋጠችም። በዳግም ትንሣኤ አረፈች።

በማግስቱ ስልክ ቤት ሄጄ መስመር ስጠብቅ ዋልሁ። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ካለው ሱቅ፣ አገር ቤት የቀረችውን የእናኑን ልጅ ጥሩዬን አስጠሩልኝ። ድምፄን ስትሰማ ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

«ጋሼ፣ እማዬ ፈሰከች?»

«ፈስካለች። በዶሮ። ያረድሁትም እኔ ነኝ።»

«እሰይ! እሷ ሳትፈስክ እንዴት ሥጋ እቀምሳለሁ ብዬ እስከ ዛሬ ሽሮዬን ስበላ ነበር። ዛሬ አሳርዳለሁ፣ ጎረቤት ሁሉ እጠራለሁ።»

እኔ፣ ቃል አጥቼ የማላውቀው ሰው፣ የስልኩን ገመድ በጣቴ ጠቀለልሁት።

«ጋሼ? ይሰማዎታል? እስኪ እሷን ያቅርቡልኝ።»