ሰይድ በሩን ካንኳኳ በኋላ

ልጅ እያለሁ ዓለም ማለት ሦስት ካሴት ነበረች። በአንደኛው ካሴት ውስጥ ቻይኖች ይደባደባሉ፤ በሁለተኛው ክንዱ የበሬ ጭን የሚያህል ፈረንጅ ብቻውን አንድ ክፍለ ጦር ይፈጃል፤ በሦስተኛው ደግሞ ህንዶች እያለቀሱ ይዘፍናሉ። ከነዚህ ውጭ ሌላ አገር አለ ብሎ የሚከራከረን የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ብቻ ነበር። እሱንም የሚያምነው አልነበረም፤ ካርታው ላይ ሐይቅ ከተማን አሳየን ስንለው ጣቱን ውሃው ላይ ያስቀመጠ ሰው ነው።

ካሴቶቹ የጋሽ አሊ ነበሩ። ጋሽ አሊ በደርግ ጊዜ የእህል መጋዘን የነበረውን ቤት ተከራይቶ፣ ከመናኸሪያው ጎን የከተማችንን ቪዲዮ ቤት ከፈተ። ቤቱን የማሽላ ሽታ ገና አልለቀቀውም ነበር። በዚያ ላይ የጄኔሬተሩ ጭስና የጫቱ ገረባ አለ፤ መረባቸውን ከሐይቁ አውጥተው እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ የሚመጡት ዓሣ አስጋሪዎች አሉ። ዛሬም ዓሣ በሸተተኝ ቁጥር አጠገቤ የሆነ ቻይና የሚደባደብ ይመስለኛል። የመግቢያ ሳንቲም ያጣን ቀን እኔና ጓደኛዬ ተፈራ በግድግዳው ቆርቆሮ የሚስማር ቀዳዳ እየተፈራረቅን እናይ ነበር። ቀኝ ዓይኔ ከግራው የሚሰፋው ለዚህ ነው። ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ሰጥቶኛል፤ እሱ ግን በቀዳዳ አላየም።

ህንዱን የሚተረጉምልን ይመር ነበር። ይመር አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ሰባት ቋንቋ እንደለመደ የሚናገር ጎረምሳ ነው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና በማሽላ አገዳ እየጠቆመ ያስረዳናል። የህንድ ስም ለአፍ አይመችም እያለ ለሁሉም የአገር ስም ያወጣላቸዋል። ዋናው ሰውዬ ሁልጊዜ ሰይድ ነው። ቆንጆዋ ሎሚ ናት። ጉቦ የሚበላው ፖሊስ ደግሞ ይመር በዚያ ሳምንት የተጣላውን ሰው ስም ይሸከማል፤ በዚህ ምክንያት ፊልሙ አንድ ሆኖ ፖሊሱ ስምንት ስም ነበረው።

ችግሩ ሦስቱንም በቃላችን መያዛችን ነበር። ጥይቱ ሳይተኮስ የሚሞተውን ሰው ነፍስ ይማር እንላለን። አንዱ ሽማግሌ ቻይናው ከኋላው ሊመታው ሲል "ዙር!" ብለው ያስጠነቅቁ ነበር፤ ዓመት ሙሉ አስጠንቅቀውት አንድ ቀን ባለመስማቱ ተቀይመው ቀሩ። እኔና ተፈራ ያላየነውን ፊልም አምጣልን እያልን ጋሽ አሊን መውጫ መግቢያ አሳጣነው። እሱ መልሱ አንድ ነው።

"ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ያላያችሁትን ፊልም በምን አውቃችሁት ነው እንቅልፍ የሚነሳችሁ?"

ይህን ክርክር እስካሁን አልረታሁትም። ግን ናፍቆን ነበር፤ የማናውቀው ነገር እንደ ረሃብ ይሞረሙረን ነበር። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አንድ የገበያ ቀን ጋሽ አሊ ከደሴ መኪና ሲወርድ በብብቱ አዲስ ካሴት ይዟል። ያን ዕለት ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የገባውን ሕዝብ ብነግራችሁ አታምኑኝም። አምባሰል ተራራ ራሱ ወርዶ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ይመስል ነበር።

አዲሱም የህንድ ነው። ይመር "የሰይድ መከራ" ብሎ ሰየመው። ሰይድ በሕፃንነቱ በግርግር ከእናቱ እጅ ያመልጣል። ሰው አገር ያድጋል፣ ጭነት ይሸከማል፣ ጢም ያወጣል። እናቱን ፍለጋ በባቡር፣ በበሬ ጋሪ፣ በእግሩ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ደግሞ አምስት ጊዜ ይዘፍናል፤ ባይዘፍን ኖሮ ቀድሞ ይደርስ እንደነበር ተፈራ ያኔ ነው የነገረኝ። በመጨረሻ አንዲት ጎጆ ደረሰ። አቧራውን አራገፈ፤ እጁን አነሳና በሩን አንኳኳ። ጄኔሬተሩ እዚህ ላይ ናፍጣ ጨረሰ።

ጋሽ አሊ በጨለማው ውስጥ ሆኖ የቀረውን በሚቀጥለው የገበያ ቀን እንደምናይ ነገረን። እስቲ ፍረዱ። የሰው እጅ በር ላይ ተሰቅሎ ሳምንት እንዴት ያድራል? በዚያ ሳምንት በከተማችን ሌላ ወሬ አልነበረም። ዓሣ አስጋሪዎቹ በአረማመዱ ታውቀዋለች አሉ። የቁርዓን አስተማሪያችን፣ ሰው ሁሉ ይለወጣል፣ ድምፅ ግን አይለወጥም ብለው ፈረዱ። የተፈራ አያት ጠባሳ ሳይኖረው አይቀርም አሉ፤ እሳቸው ፊልሙን አላዩትም፣ ከዚያ በፊትም ፊልም የሚባል ነገር አይተው አያውቁም፤ ግን የጠፋ ልጅ ሁሉ ጠባሳ አለው ብለው ማንንም አላስተነፍስ አሉ።

እኔ ደግሞ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ቪዲዮ ቤቱን የሸይጣን መስኮት ነበር የምትለው። መናኸሪያው ላይ ቆሎ ትሸጣለች። ከመኪና ለሚወርደው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፊቱን ታያለች፤ ቆሎ ግዛኝ የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። ታላቅ ወንድሜን ሁሴንን በደርግ መጨረሻ ለውትድርና አፍሰው ወስደውታል። ጦርነቱ አለቀ፣ መንግሥት ተለወጠ፤ የተመለሰው ተመለሰ፣ የሞተውንም ጓደኞቹ መጥተው መርዶውን አረዱ። የሁሴንን ግን አይቼዋለሁ የሚልም፣ ቀብሬዋለሁ የሚልም ጠፋ።

እንደ ልማዴ ትንሽ ጨማምሬበት ስተርክላት፣ ቆሎ የምትነፋበት እጇ ቆመ።

"ከእጇ ሲወጣ ስንት ዓመቱ ነበር?" አለችኝ።

ገና ሕፃን ነው አልኳት።

"አሁን ጢም አውጥቷል?"

"እስከ ደረቱ።"

"እንግዲያ በምን ታውቀዋለች" አለች፤ እኔን አልነበረም የምትጠይቀው። ያን ሳምንት በየቀኑ፣ ሌላ ነገር የምትጠይቅ መስላ፣ ወደዚያ በር ትመለስ ነበር። ቤቱ የሷ ነው ወይስ የሰው? ብቻዋን ነው የምትኖረው? እኔም ባላውቅ እመልስላታለሁ፤ ለጎጆዋ በቃሌ ጓሮ ሁሉ ተክዬላት ነበር።

የገበያው ቀን ሲደርስ እናቴ የቆሎውን ቁና ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ሻሿን አስተካክላ ቪዲዮ ቤት ገባች። ሴት ገብታበት የማታውቅ ቤት ነው። ጫት ቃሚው እግሩን ሰበሰበ። ጋሽ አሊ ራሱ የተቀመጠበትን ወንበር አንስቶ ፊት ለፊት አስቀመጠላት። ለምን እንደመጣች ያልገባው ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

ይመር አገዳውን አነሳ። ሰይድ አቧራውን አራገፈ። እጁን አነሳ፣ አንኳኳ። ምስሉ ተጣመመ፣ በረዶ የሚመስል ነጠብጣብ ዘነበበት፣ ከዚያ እልልታ ቀለጠ። ዳስ ውስጥ ሕዝብ ጢም ብሎ ይጨፍራል።

ይመር ዓይኑን አላሸም። እናቲቱ ልጇ መምጣቱን ሰምታ ኖሮ ድግስ ደግሳ ጠበቀችው፣ ይኸው ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሊቀበለው ወጥቷል አለን። እኛም አመንን። ህንዶች የኛን ጋቢ መልበሳቸው ብቻ ትንሽ ከነከነን፤ እሱንም አንዱ፣ ጨርቁ ድሮም የሚመጣው ከዚያ ነው ብሎ አስረዳን። ይመር ለዘመዶቹ ስም እያወጣላቸው ሳለ ግን ከወደኋላ አንድ ዓሣ አስጋሪ ተነሳ።

"ያ ጀማዐ፣ ያ የጠቦት እግር የሚግጠው እኔ አይደለሁም እንዴ?"

እሱ ነበር። በዚያው ሳምንት ውጫሌ ላይ የጋሽ አሊ ሚስት ወንድም ሠርግ ነበር። ካሜራማኑ ሠርጉን የሚገለብጥበት ባዶ ካሴት ሲያጣ፣ ሚስትየዋ ከመደርደሪያው አንዱን አንስታ ሰጠችው፤ እሱም ፊልሙ ከቆመበት ቀጥሎ ቀዳበት። ለሷ ሁሉም ጥቁር ነው፤ ደግሞም ከተማው ሁሉንም አይቶ ሰልችቶታል፣ አንዱ ቢጎድል ማን ይሞታል ብላ አሰበች። ሒሳቧ ትክክል ነበር፤ አዲስ ካሴት እስከመጣበት ቀን ድረስ።

ቤቱ በሳቅና በፉጨት ፈረሰ። ጋሽ አሊ ላቡን እየጠረገ ካሴቱን ወደፊት አሮጠው፤ ሠርግ ነው። እንደገና አሮጠው፤ አሁንም ሠርግ። ሙሽሪት እያለቀሰች ካሴቱ አለቀ። ሳያት ሳያት የተናደድኩት በሷ ነበር፤ ምን አለ ሌላ ቀን ብታገባ?

እናቴ አልሳቀችም። ቴሌቪዥኑ እስኪጠፋ ድረስ የሠርገኛውን ፊት አንድ በአንድ ታይ ነበር፤ ከመኪና እንደሚወርድ ሰው። ከዚያ ወደ ይመር ዞረች።

"ይመር፣ ልጄ፣ አወቀችው?"

ፉጨቱ ቆመ። ይህ ሰው ለተተኮሰ ጠመንጃ እንኳ ንግግር የሚያወጣለት ነው፤ ሰባት ቋንቋ ያውቃል፤ ሠርግ ሲመጣበት እንኳ ቃል አላጠረውም። አፉን ሲከፍት ሁላችንም አዎን እስኪል ጠበቅን። አገዳውን አየ፣ እናቴን አየ።

"አላየሁትም፣ እትዬ ፋጡማ። ወላሂ አላየሁትም።"

"አብሽር" አለችው። ክንዱን መታ መታ አድርጋው ወደ ቆሎዋ ሄደች።

እኔ ግን በዚህ ሰው ላይ የያዝኩት ቂም እስካሁን አልለቀቀኝም። አንድ አዎን ከየት ይጎድልበታል? ከሱ ያልወጣውን እኔ ላወጣው ብዬ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ፊልሙን ደሴ ላይ እስከ መጨረሻው ያየ ሰው አግኝቻለሁ፣ ገና በሩን ስትከፍት በጠባሳው አወቀችው አልኳት። የሚንጣጣውን ገብስ እያማሰለች ሰማችኝ። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም።

"ይመር ያልዋሸኝን አንተ ትዋሸኛለህ?"

ከዚያ በኋላ የሰይድ ነገር በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። የዚያ ፊልም ሌላ ካሴት ከደሴም ከየትም አልመጣም። ዘመን ተለውጦ ዲሽ ሲገባ የጋሽ አሊን ካሴቶች የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ገበሬዎች ወሰዷቸው፤ ጥቁሩን ክር ፈትተው ወፍ ለማባረር ማሽላቸው ላይ ዘረጉት። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ነፋሱ ሲያስጮኸው ሰማሁና ክሩን ይዤ ወደ ፀሐይ አቅንቼ አየሁት። ምንም የለበትም። ወፎቹም ቢሆኑ ብዙ አልፈሩትም።

ጋሽ አሊ አለፈ። እናቴም አለፈች፤ አላህ ይዘንላቸው። ሁሴን አልመጣም። ለውጥ መጣ ተብሎ አደባባይ ወጥተን ጮኸን፤ ጉሮሯችን ሳያገግም ጦርነት መጣ። ሸሸን፣ ተመለስን። የተቋረጠው ኔትወርክ ሲመለስ ልጄ ሀያት፣ ዛሬ የማይገኝ ፊልም የለም አባ፣ ያንተን ሰይድ እፈልግልሃለሁ ብላ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። ርዕሱን ጠየቀችኝ፤ "የሰይድ መከራ" አልኳት። ተዋናዩ ማን ነው አለች፤ ሰይድ ነው፣ ሌላ ስም አልነገሩንም አልኳት። ህንድ ለመሆኑስ ርግጠኛ ነህ ስትለኝ ከይመር በቀር ምስክር አጣሁ።

"እሺ በምን ያልቃል? ከመጨረሻው ልፈልገው።"

"እሱን ባውቅማ አንቺን ምን ያስለምነኛል?"

ሀያት ሳቀች። የጠፋ ልጅና እናት ያለበት ፊልም መዓት ነው አለችኝ፤ ደግሞ ሁሉም ላይ ታውቀዋለች። እንዴት እንደምታይ ግን ላሳያችሁ። የመጀመሪያውን ትንሽ ታያለች፣ ከዚያ በአውራ ጣቷ ጎተት ታደርገውና መጨረሻው ላይ ጉብ ትላለች። አቀፈችው፣ አለቀሱ፣ አለቀ፤ ቀጣዩ። የሐይቅን ሕዝብ ሳምንት ሙሉ ያጨቃጨቀውን በር ይህች ልጅ ቁርስ ሳትበላ ሃያ ጊዜ ትከፍተዋለች። እንዲያውም እኔን ያናደደኝ ፍጥነታቸው ነው፤ እናቶቹ ሁለቴ እንኳ ሳያዩት ያውቁታል። እናቴ ብትሆን ትጠይቀው ነበር።

ባለፈው አንድ ቀን የአስርን ሶላት ሰግደን እንደተቀመጥን ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ መጡ። ልጃቸው በዚህኛው ጦርነት ሄዶ ወሬው የጠፋ ነው። ሀያት ከነዚያ ፊልሞች አንዱን ከፈተችላቸው። ልጁ ሲጠፋ አዩ፣ ሰው አገር ሲያድግ አዩ። ጉዞውን ሲጀምር ሀያት መጨረሻውን ልታሳያቸው አውራ ጣቷን አነሳች። እትዬ ዘይነባ እጇን ያዙት።

"ተዪው ልጄ፣ አታሳልፊብኝ። መንገዱን ይሂድ።"

ሀያት እኔን አየችኝ። የተቀመጥኩበትን ዱካ ሳብኩና ተጠጋሁ። ያኔ መጋዘን የሞላ ሰው ነበርን፤ አሁን ሦስት ሆነን አንድ ስልክ ላይ አጎነበስን። የሚተረጉምልን አልነበረም፤ ልጁ ማን እንደሚባል እንጃ፣ የአንድ ወንዝ ዳር ይዞ ይሄድ ነበር።