ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ለኮምፒውተሩ ቀኑን መንገር ነበር። እኔ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ፊት ቆሜ አነባለሁ፤ እሱ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ተቀምጦ ይጽፋል። «ትንንሾቹን» አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ትንንሾቹ የፈረንጅ ቁጥሮች ናቸው፤ ከኛ ትልልቅ ቁጥሮች ሥር በቀጭኑ ይታተማሉ። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ነገርኩት። «ገባ» አለ። እኔ ዘንቢሌን ይዤ ገበያ ወረድኩ። ስመለስ ጋደም ብሎ ነበር። ለምሳ ልቀሰቅሰው ብገባ አልተነሳም።

ለቅሶ የመጡ ሰዎች የመጨረሻ ቃሉ ምን እንደነበር ይጠይቁኝ ነበር። «ገባ» ነው ያለኝ ስላቸው ግር ይላቸዋል። አንዳንዶቹ ትልቅ ትርጉም ፈልገውለት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ነገሩን ለማስረዳት ከጣሪያው መጀመር ነበረብኝ፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ስለ ጣሪያ አይወራም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሁለታችንም ሐረር የመጣነው በመምህርነት ተመድበን ነው። እኔ ታሪክ አስተምር ነበር፤ እሱ ቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ ግንባታ። ባልደረቦቻችን በአዲሱ ከተማ፣ መኪና በሚገባበት ሰፈር ሲከራዩ፣ እሱ ግን የድሮ ቤቶቹን ካየ በኋላ ከጁገል፣ ከአሮጌው ግንብ ውስጥ፣ አልወጣም አለ። ከኤረር በር ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ በማያሳልፍ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ሁለት ክፍል አገኘን። የግቢው ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው የሐረሪ አሮጊት ነበሩ። እማማ እንላቸዋለን። እሳቸው እኔን «ልጄ»፣ እሱን «ኢንጅነር» ይሉን ነበር። ኢንጅነር ሲሉት ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ቀልድ ነው።

የእሳቸው ትልቁ ቤት የጥንቱ ዓይነት ነው። ቀይ የተቀቡት መደቦች፣ እነሱ ነደባ የሚሏቸው፣ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ ግድግዳው ላይ ሰሃንና መሶቡ ተሰቅሏል። ወደ ላይ ስታዩ የጥድ አግዳሚዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በእነሱ ላይ ጭራሮ፣ ከጭራሮው በላይ የተደለደለ ጭቃ አለ። ጭቃው ዝናብ እንዳያሳልፍ በየዓመቱ ከክረምት በፊት አዲስ ይጨመርበታል።

ባለቤቴ ጡረታ በወጣበት ዓመት ክረምት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከትልቁ ቤት «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማን። የመካከለኛው አግዳሚ ተሰንጥቋል። በማግስቱ የተጠራው ግንበኛ በዱላ አንኳኳ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ብዙ አየና ጣሪያው ፈርሶ ቆርቆሮ ይግባ አለ። እማማ መስከረም ላይ የልጅ ልጃቸውን ሊድሩ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ሙሽራ ሆነው የተቀመጡት እዚያው ነደባ ላይ፣ እነዚያው እንጨቶች ሥር ነው።

«በቆርቆሮ ሥር አልድርም» አሉ። «ዝናብ የመጣ እንደሆነ ዘፈኑን ማን ይሰማዋል?»

ግንበኛው ቆርቆሮ ካልሆነ ጣሪያው ሠርገኛው ላይ ይወርዳል ብሎ ሄደ። ባለቤቴ ሜትሩን ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሲወርድ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

«እማማ፣ እስከ ዘመን መለወጫ ይታገሡኝ» አላቸው። «እወድቃለሁ ካለ እኔው ራሴ አፈርሰዋለሁ።»

«ማን ነው እወድቃለሁ የሚለው?»

«ጣሪያው።»

«ጣሪያ ይናገራል?»

«ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ይናገራል።»

እስኪናገር ድረስ የባሕር ዛፍ ድጋፍ አስቆመና አልጋቸውን ወደ እኛ ሁለተኛ ክፍል፣ ኮምፒውተሩ ወዳለበት አመጣው። እማማም ከዚያ ቀን ጀምሮ መከዳቸውን ተደግፈው፣ ጫታቸውን ይዘው፣ ሥራውን የሚቆጣጠሩ አለቃ ሆኑ።

በወረቀትማ አንዱን አግዳሚ ለብቻው አስልቶት ነበር። ችግሩ አግዳሚዎቹ ለብቻቸው አይኖሩም። አንዱ ሲደክም ሸክሙን ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ ጎረቤቱም ለሚቀጥለው። እንጨቶቹ ደግሞ ጠማሞች ናቸው፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ለማየት ቤቱን ኮምፒውተር ውስጥ ገንብቶ፣ ጭነት እየጫነ የሚፈትን ፕሮግራም ያስፈልግ ነበር። ኮሌጁ ውስጥ የለመደው ፕሮግራም ፈቃድ የሚጠይቅ ነው፤ ጡረታ ሲወጣ እሱም ቀረ። አንድ የቀድሞ ባልደረባው ግን በነጻ የሚገኝ ሌላ ፕሮግራም በዲስኮች ገልብጦ ሰጠው። የሚሠራው ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ብቻ ነው፤ የሚመጣውም በጥሬ ጽሑፍ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ ወደሚሠራ ፕሮግራም መለወጥ አለበት። «ስንዴውን ይሰጡናል» አለኝ ዲስኮቹን እያሳየ፣ «መፍጨቱ የኛ ነው።»

መፍጨቱ የነሐሴን ወር በላ። መጀመሪያ ሊኑክስን ጫነ፤ እሱ እሺ አለ። ከዚያ ፕሮግራሙ ለብቻዬ አልገባም አለ። አንድ ረዳት ፕሮግራም ይጠይቃል፤ እሱን ስትጭንለት ያኛው ደግሞ ሌላ ይጠይቃል። እንደ ሠርግ ጥሪ ነበር፤ አጎትየውን ጠርተህ የአክስትየውን ልጅ ብትረሳ ሁሉም ይቀራሉ። ሁሉንም በየተራ ሊጠራቸው ሲል ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ በተከፈተው ጥቁር መስኮት ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይግተለተላል፤ ፕሮግራሙ ከእውነተኛ ሠሪዎቹ መምጣቱን የሚያረጋግጠውን የዲስኩን ፊርማ አልቀበልም ይላል። ፊርማውን አልፎ በግድ መፍጨት ሲጀምር፣ አለቀ ስንል ከመጀመሪያው ይጀምራል። መካከል ላይ መብራት ይጠፋል። መብራቱ ሲመጣ እኔ ከግድግዳው ቀኑን አነባለሁ፣ እሱ ያስገባል፣ እንደገና ይጀመራል።

ቀኑን የማነበው ኮምፒውተሩ ስለማያስታውሰው ነው። ከአንድ ነጋዴ የገዛነው አሮጌ ዕቃ ነበር፤ ሰዓቱን የምታቆይለት ትንሽ ባትሪ የምትቀመጥበት ቦታ ተሰብሯል። በተዘጋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ባለቤቴም በዚያን ጊዜ የሚለኝ «ትልልቆቹን አንብቢልኝ» ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ደብዳቤውንም ፈተናውንም በኛ ቀን ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ቤቱ ሐረር ያለ፣ እንጨቱም እዚሁ የበቀለ፣ ታዲያ ሥራው በየትኛው አገር ቀን ይመዝገብ ይል ነበር። ለኔም ነገሩ ልክ መስሎኝ ነበር።

እማማ በየጠዋቱ ይጠይቃሉ። «ኢንጅነር፣ ሳጥንህ ዛሬስ ምን አለ?»

«ገና ነው እማማ።»

«ኢንሻአላህ» ይላሉ፤ አባባላቸው ግን ቆርቆሮ ሊገዙ የተዘጋጁ ያስመስላቸዋል። ግንበኛውም በአጠገባችን ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮ ሳይወደድ እንዲገዙ ይመክራቸው ነበር። ባለቤቴ መጀመሪያ ዲስኮቹን አማ፣ ቀጥሎ መብራት ኃይልን፣ በመጨረሻ ራሱን። ሊኑክስን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነ፤ አሁንም አጥፍቶ ጫነ። አንድ ቀን እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ፣ እማማ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቆርቆሮው ይሻል ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። እንደዚያ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ከምሳ በኋላ እናስብበታለን አልኩት፤ በኛ ቤት ይህ አይሆንም ማለት ነው።

ነሐሴ አለቀ። በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲከፈት ከግድግዳው ፊት ቆሜ «ጳጉሜ አንድ» አልኩት። ጻፈ። እንቢ አለ። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ደገመው። ቀንህ ልክ አይደለም የሚል መልስ መጣ። እሱ ለወሩ ቦታ ዐሥራ ሦስት ብሎ ጽፏል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከዐሥራ ሁለት በላይ ወር አለ ብሎ አያምንም። ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ እማማ ከአልጋቸው።

«ኮምፒውተሩ ጳጉሜን አያውቅም፣ እማማ።»

«እኔስ መቼ አውቃለሁ?» አሉ። «የሰማሁት ከእናንተው ነው።»

እየሳቅሁ ሳለ ወር ሙሉ በጥቁሩ መስኮት ላይ ስትመላለስ ያየኋት የእንግሊዝኛ መስመር ትዝ አለችኝ። ፊርማው የተፈረመው ወደፊት ነው ትል ነበር። እኛ የማሽን ዋዛ ፈዛዛ አድርገን አልፈናታል። እኔ እኮ ክፍል ውስጥ የፈረንጁን ዓመት ወደኛ፣ የኛን ወደ ፈረንጅ ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ያ ዲስክ የተጻፈው በፈረንጅ ቀን ነው» አልኩት። «አንተ ኮምፒውተሩን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሰህ አስቀምጠኸዋል። ለሱ ዲስኩ ገና አልተሠራም። ያልተፈረመ ፊርማ እንዴት ይቀበል? ፋይሎቹም ከወደፊት የመጡ ስለሚመስሉት ነው መፍጨቱን ከመጀመሪያው የሚጀምረው።»

መነጽሩን አወለቀ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው መሳቁን ያየሁት። ሳቁ ሲያባራ ዓይኑን ጠረገና፣ ሳደርቀው ብቻ በሚጠራኝ ስም ጠራኝ።

«የኔታ» አለኝ፣ «እስቲ ትንንሾቹን አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። ፊርማው አለፈ። ዘመዶቹ ሁሉ አንድ በአንድ ገቡ። መፍጨቱ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ፤ መብራቱም አልጠፋ። እማማ ምን እንደተገኘ ሲነገራቸው፣ እንኳንም በእሳቸው በሂጅራው አላስቆጠርነው አሉ፤ ያን ጊዜ ሳጥኑ ስንት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ጭራሽ ሳይነሣ ይቀር ነበር።

የሩፋኤል ዕለት የሰፈሩ ልጆች ዝናብ ውስጥ ይጯጯሃሉ፤ እኛ ጣሪያ ላይ በወጣ ቀን ከጻፈበት ጭቃማ ወረቀት ልኬቶቹን እያነበብን አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ አስገባን። ሲጨርስ ፕሮግራሙን አስኬደውና ሥዕሉ ወጣ። ትልቁ ቤት ነው፤ ነገር ግን ጣሪያው እንደ ከረጢት ረግቦ ወለሉን ሊነካ ደርሷል፤ መካከሉም ደም መስሏል።

እማማ መከዳቸውን ጥለው ተነሡ። «ያ ረቢ፣ ቤቴን ጣልከው» አሉ።

እሳቸውን ማረጋጋት ጣሪያውን ከማስላት ይከብድ ነበር። ፕሮግራሙ ዓይን እንዲያይለት አጋንኖ እንደሚሥል፣ እውነተኛው መጉበጥ ከጣት ውፍረት እንደማይበልጥ ነገራቸው። «ታዲያ ለምን ይዋሻል?» አሉት። ይህን እስኪመልስ ሻይ ቀዘቀዘ።

ቀዩ ግን ቀይ ነበር፤ ጣሪያው እንዳለ አይቆምም። መካከሉ ላይ ምሰሶ አስገብቶ ሞከረው፤ ቀዩ ጠፋ። እማማ ጣታቸውን ወደ ሥዕሉ ቀሰሩ። «ይህ እኮ ሙሽራዋ የምትቀመጥበት ነው። ምሰሶውን ነው የምድረው?» ምሰሶውን አወጣ። ከዚያ ልኬቶቹን አንድ በአንድ አየና የጭቃው ውፍረት ላይ ቆመ። በየዓመቱ ሲጨመርበት፣ ማንም ሳያነሣለት፣ ጭቃው ክንድ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ውፍረቱን በግማሽ ቀንሶ እንደገና አስኬደው። ቀዩ ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ሄደ። የተሰነጠቀው እንጨት ብቻ ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ ለሱም የብረት ቀበቶ ይበቃዋል አለ።

ግንበኛው ተጠርቶ ሥዕሉን አየ፤ ቆርቆሮ ባይሸጥም ጭቃ መቀነስም ሥራ ነው ብሎ ሰዎቹን ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ። የባሕር ዛፎቹ በተነሡ ቀን ባለቤቴ ከተሰነጠቀው አግዳሚ ሥር ተቀምጦ ምሳዬን እዚህ አምጡልኝ አለ። እማማ መጡና አጠገቡ ተቀመጡ።

«ከወደቀ አብረን ነን» አሉት። «ግን ወላሂ፣ ከወደቀ በዚያኛውም ዓለም አልለቅህም።»

አልወደቀም። በሠርጉ ሰሞን ዝናብ ሲጥል ዘፈኑ እስከ እኛ ክፍል ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው ጣሪያውን እያስለካ ይመጣ ጀመር። እኔ ልኬት አነባለሁ፣ እሱ ያስገባል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ትንንሾቹን። እንዲህ ሆነን ነው ያ የመጨረሻው ጠዋት የመጣው።

እሱ ካረፈ በኋላ ኮምፒውተሩን ጨርቅ አልብሼው ከረመ። ግንቦት መጨረሻ ላይ እማማ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ክረምት ሊገባ ነው» አሉኝ። «ጣሪያውን ማን ይጠይቅልኛል?»

ጨርቁን አነሣሁ። ከግድግዳው ቀኑን አነበብኩና ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ ከግድግዳው እስከ ጠረጴዛው ስደርስ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ተነሥቼ እንደገና አየሁ። እማማ ሊያነቡልኝ ፈልገው ነበር፤ ቁጥሮቹ ግን ለዓይናቸው አነሱባቸው። የቀን መቁጠሪያውን አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ባደርገው ይቀለኝ ነበር። አላወረድኩትም፤ እሱ ከመስኮቱ ሥር ሆኖ «ትንንሾቹን» የሚለኝ ወደዚያ እያየ ነው። በሦስተኛው ገባልኝ።

አሁን በየዓመቱ ግንቦት ላይ ጣሪያው ላይ እወጣለሁ፤ የጭቃውን ውፍረት እለካለሁ፤ ወርጄ ቀኑን አስገባለሁ፤ ፕሮግራሙን አስኬዳለሁ፤ ለእማማም ጣሪያው ያለውን እነግራቸዋለሁ።