ፕሮግራሙን የዘጋንበት ቀን

ባለፈው ሳምንት አሶሳ ውስጥ የአንድ ቢሮ ሶፍትዌር ሠሪዎች እንዴት እንደሚሠሩ ልገመግም ሄጄ ነበር። አንዱ ወጣት፣ «እኛ ጋ ለውጥ አያድርም፤ ጠዋት ጽፈን ጠዋት ለተጠቃሚ እንለቀዋለን» አለኝ በኩራት። እኛም እንዲሁ እንል ነበር።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቴ ነበር። እዚያው አሶሳ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ ምን መድኃኒት እንዳለው የሚያሳይ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። አለቃችን አቶ ይመር፣ ወላጆቻቸው በሰፈራ ከወሎ የመጡ፣ ደግ ግን ችኩል ሰው ነበሩ። የዚያን ቀን አሠራራችንን ሊገመግሙ ከአዲስ አበባ የመጡት ወይዘሮ ሰናይት ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ውላችን የሚታደሰው እሳቸው በሚጽፉት ነውና ደፍሮ የሚስቅ የለም። የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ለምሳ የቀረበልን የማሽላ ገንፎ ከነባሚያ ወጡ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

ስልክ ጮኸ። የቶንጎ ጤና ጣቢያ አዋላጇ ሐሊማ ነበረች፤ አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤት ነው።

«ሴትዮ ወልዷል፣ ደም አልቆመም! መድኃኒት እኛ ጋ አልቋል። ኮምፒውተር ባምባሲ አለ ብሎ መኪና ልከናል፤ እነሱ የለም ይላል!»

ጠዋት የለቀቅነው ለውጥ የአንዱን ጣቢያ መድኃኒት በሌላው ስም መዝግቦታል። አቶ ይመር አጠገቤ ቆመው፣ «አስተካክለህ አሁኑኑ ልቀቀው!» አሉ። ኮዱን ከፍቼ መጻፍ ጀመርሁ።

ወይዘሮ ሰናይት ተነሡ። «ልጄ፣ ይህን ስታስተካክል ሌላ እንዳላበላሸህ በምን ታውቃለህ?»

እጄን ከኪቦርዱ አነሣሁ።

«እንግዲያው ዝጉት፤ ሌላ ሰው እንዳያሳስት። መድኃኒቱን በስልክ ፈልጉ።»

«በግምገማችን ቀን? ምን ልንባል ነው?» አሉ አቶ ይመር።

የአቶ ይመርን ፈቃድ አልጠበቅሁም፤ ዘጋሁት።

ስልኮቻችንን ተሻማን። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። በመጨረሻ መድኃኒቱ ከቶንጎ ብዙ በማይርቅ ትንሽ ጣቢያ ተገኘ፤ አንድ ባለሞተር ይዞት በጭቃው ውስጥ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከመጠበቅ በቀር የምንሠራው አልነበረም። ዝናቡ አባርቶ፣ የራሰው ማንጎ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ ሐሊማ ደወለች።

«ቆሟል። ሴትዮ ውሃ ጠጥቷል።»

አቶ ይመር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ግምገማው መራራ ነበር። አሠራራችን ተነቀፈ፤ የማንም ስም ግን አልተነሣም። ውሉ ለአጭር ጊዜ፣ ለሙከራ ተብሎ ታደሰልን። ከዚያ ወዲህ ለውጥ ሁሉ በፕሮግራሙ ቅጂ ላይ ሳይሞከር፣ ሌላ ባልደረባም ሳያየው እንዳይወጣ ሆነ። የዚህ ደንብ ዋነኛ ዘበኛ አቶ ይመር ራሳቸው ነበሩ።

ባለፈው ሳምንት ለዚያ ወጣት ይህን ሁሉ አልነገርሁትም። «ነገር ቢበላሽ፣ አለቃን ሳይጠይቅ ፕሮግራሙን መዝጋት የሚችለው ከመካከላችሁ ማነው?» ብቻ አልሁት። ጓደኞቹን አየ፤ እነሱም እሱን አዩት። ብዙ የመገምገሚያ ጥያቄ ተምሬአለሁ። ይሁንና የአንድን ቡድን ልክ የሚነግረኝ፣ ይህን ስጠይቅ «እኔ» የሚል ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።