በአንገቴ የቀረው ቁልፍ

ወሬው የደረሰኝ ጌሾ ስወቅጥ ነው። ኅዳር ሚካኤል ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ሞጆ ወርዶ የተመለሰ የሰፈራችን ሰው በቅሎውን እንኳ ሳያስር ከአጥሩ ማዶ ቆሞ፣ «አስካለ፣ እኅቴ፣ አትደንግጪ» አለኝ። አትደንግጪ ተብሎ ያልደነገጠ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። «ተክሌ ድሬዳዋ ሥራ ላይ ሳለ ብረት እግሩ ላይ ወድቆበታል። ነፍሱ ደኅና ነው። የሚያስታምመው ስለሌለ ትምጣልኝ ብሏል።»

ተክሌ ባሌ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለባቡር ሥራ ወደ ቆላው ወርዶ፣ ቤት ሳገኝ እወስድሻለሁ እያለ ሲያቆየኝ ነበር። ዘነዘናውን ሙቀጫው ውስጥ እንደቆመ ትቼው ተነሣሁ። ግን መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው የባሌ እግር አልነበረም፤ ጽዋው ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ቢሆንም ነገሩ እንደዚያ ነበር።

ምንጃር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ድሬዳዋ ተወልደው ላደጉት ልጆቻችን ግን ልንገራቸው። በሰፈራችን አሥራ ሁለት ሴቶች የሚካኤል ማኅበር ነበረን። በየወሩ በአሥራ ሁለት ቀን ከአንዷ ቤት ተሰብስበን፣ ካህኑ ጸልየውልን፣ ዳቦውን ቆርሰን፣ ጠላውን በማኅበሩ ጽዋ እንጠጣለን። ስንለያይ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ተሳልማ ተቀብላ፣ በእልልታ ታጅባ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽዋው አደራዋ ነው። ጥቅምት ላይ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ደግሞ ሁለት ሴቶች ክፉኛ ተኳርፈው ማኅበሩ የሚፈርስበትን ምክንያት ብቻ ይጠብቅ ነበር። የኅዳሩ ጽዋ ሳይዞር ቢቀር ምክንያቱ እኔ እሆናለሁ።

እታገኝ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ፤ ከእኅት የማትለይ። «አንቺ ሂጂ፤ ድግሱን እዚሁ ቤትሽ እኔ እደግስልሻለሁ» አለችኝ። ጌሾውንም፣ ብቅሉንም፣ ዱቄቱንም አስረከብኳት። ጽዋውን ግን እጇ ላይ መስጠት ፈራሁ፤ ቤቷ ሕፃን ይሯሯጥባታል፤ ጽዋው ደግሞ ሸክላ ነው። ስለዚህ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከእናቴ የቀረልኝ የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ፣ በጓጉንቸር ቆለፍኩት። ቁልፉ ስወጣ ለእታገኝ እስክሰጣት እንዳይጠፋብኝ ብዬ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። በማግሥቱ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሸኘኝ። አለቀስን፣ ተሳሳምን፤ እታገኝ እስከ ወንዙ ድረስ መጣች፤ ስለ ጠላው ጥንስስ ስናወራ ወንዙን ተሻገርኩ።

ከሞጆ የተሳፈርኩበት ባቡር አዋሽ ሲቆም ፊቴን ልታጠብ ወረድኩ። ውሃ በእፍኜ ይዤ ጎንበስ ስል ከአንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ አገጬን መታኝ። ቁልፉ! ውሃው ከእጄ ፈሰሰ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ጊንጥ የነካኝ መስሏት ጮኸች።

ድሬዳዋ ስደርስ ሙቀቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ አፍ ፊቴን ገረፈው። በኅዳር! በእኛ አገር በኅዳር ጠዋት ጋቢ ደርበን ነው እህል የምናጭደው። እዚህ ሰዉ ቀን ተኝቶ ማታ ይነሣል፤ ወንዙ ደቻቱ ይባላል፤ ወንዝ ሲሉኝ ብሄድ አሸዋ ሆኖ አገኘሁት፣ ግመል ያቋርጠዋል። ወተቱም የግመል ነው። በአንድ ሱቅ ደጅ አራት ሰው በአራት ቋንቋ ሲያወራ ሰማሁ፤ እርስ በርስ ይግባባሉ፤ እኔ ብቻ ነኝ አማርኛ እያወቅኩ ያልገባኝ።

ተክሌ ቀኝ እግሩ በሁለት እንጨት መካከል ታስሮ በተከራየው አንድ ክፍል ተኝቷል። ቁስሉን አይቼ ካለቀስኩ በኋላ ስለ ቁልፉም አለቀስኩ።

«እኔ እግሬ ተሰብሮ አንቺ ለሳጥን ታለቅሻለሽ?»

«ለሳጥን አይደለም።»

«አቦ፣ ይሰብሩታላ!» አቦ የሚለውን ከየት እንዳመጣው! በአንድ ዓመት አንደበቱ ተለውጧል።

«የእናቴን ሳጥን ማን ይሰብራል? እታገኝን አታውቃትም? የሰው ቤት ገብታ ውሃ ቀድታ መጠጣት የምታፍር ሴት ናት።»

የቤቱ ባለቤት አዴ ፋጡማ ናቸው፤ አዴ ማለት በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሴት። ገና ዕቃዬን ሳላወርድ የግቢውን ሕግ ነገሩኝ። ከበሩ ውጭ በጥላው ሥር ትልቅ የውሃ ጋን አለ፤ ለመንገደኛ ነው፤ ባላቸው ሲሞቱ ለነፍሳቸው አደራ ያሉት ነው። የግቢው ተከራይ በተራ ይሞላዋል።

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እማማ» አልኳቸው፣ ያላወቁ መስሎኝ።

«ማተቡን አያለሁ፣ ዕውር አይደለሁም። የጠማው ሰው ማን ቀዳው ብሎ ይጠይቃል? ተራሽ ሐሙስና እሑድ ነው።»

በማግሥቱ ከጣቢያው አጠገብ ዕቃ የሚያስተላልፍ ቢሮ አለ ብለውኝ ሄድኩ። ከረባት ያሰረ ጸሐፊ ማራገቢያ ሥር ተቀምጧል።

«ምንድን ነው?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ቁልፍ ነው ጌታዬ፤ ወደ ሞጆ እንዲሄድልኝ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የሳጥን።»

«ሳጥኑስ?»

«እዚያው ምንጃር ነው።»

«ሳጥኑ እዚያ ከሆነ ቁልፉ እዚህ ምን ይሠራል?»

«እሱን እኮ ነው የምልዎ።»

«ቁልፍ ብቻውን በደንባችን የለም። ሳጥኑን አምጪውና አብሮ ይሄዳል።»

«ሳጥኑ እዚህ ከመጣ ቁልፉ ለምን ይሄዳል?»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ሴትዮ፣ ታስቸግሪያለሽ» ብሎ አንድ ቅጽ ሳበ። «የመኪና መለዋወጫ ብዬ ልጻፈው።»

«መለዋወጫ አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቁ ለምን ይጽፉታል?»

«እንዲሄድ ነዋ!»

«የሚካኤል ጽዋ የሚከፈትበትን በሐሰት አልልክም» አልኩት።

«እንግዲያው ሚካኤል ክንፍ አለው፤ እሱ ያድርስልሽ። ቀጥሎ ያለው!»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ። ቁልፉን በጨበጥኩበት እጄ እንባዬን እየጠረግኩ ተመለስኩ።

አዴ ፋጡማ ከበሩ ተቀምጠው ነበርና ምን ሆንሽ አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም። «አደራ ነው አይደል?» ብቻ አሉና የወንድማቸውን ልጅ ሐዋን አስጠሩ። ሐዋ ከቀፊራ ገበያ ሎሚና ብርቱካን እየገዛች በባቡር እስከ ሞጆ የምትነግድ፣ ድምፅዋ ከባቡሩ ፊሽካ የሚበልጥ ሴት ናት። ቁልፉን ተቀብላ አገላበጠችው። ከነጠላዬ ጥለት አረንጓዴ ክር መዝዤ አስሬበት ነበር።

«ለማን ልስጠው?»

«ሞጆ ገበያ የምንጃር ሰው አይጠፋም። ለእታገኝ፣ ከሚካኤል በፊት፣ በዪልኝ።»

«ወላሂ፣ አደርስልሻለሁ።» በሻሿ ጫፍ ቋጥራ፣ ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችው። ባቡሩ ሲነሣ በመስኮት ሻሿን እያውለበለበች ስታሳየኝ፣ ቋጠሮው ይፈታባታል ብዬ ልቤ ሊወጣ ደረሰ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰውነቴ ቆሟል፤ ልቤ ግን በእኔው ቤት ከሳጥኑ ፊት ተቀምጧል። አሁን ካህኑ ገቡ፤ አሁን ዳቦው ቀረበ፤ አሁን ጽዋው የታለ ተባለ። ወደ ቤት ስመለስ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከሩቅ የአዴ ፋጡማ ድምፅ ይሰማል፦ «ቢሻን! ቢሻን!» ውሃ ማለታቸው ነው። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ተራዬ ነበር። ጋኑ ባዶውን ቆሟል፤ እንጨት የተሸከመ ሽማግሌ ጣሳውን ይዞ አጠገቡ ይጠብቃል።

«አገርሽ ስላለው ጋን ስታለቅሺ ሰነበትሽ» አሉኝ አዴ ፋጡማ፣ «ይኸኛው እግርሽ ሥር አይደለም?»

ጋን አይደለም፣ ጽዋ ነው፣ ልላቸው ነበር፤ ተውኩት። እንስራውን አንሥቼ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። በበዓል ልብሴ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሽማግሌው ጠጥቶ መረቀኝ፤ አንዱም ቃል አልገባኝም፤ አሜን አልኩ።

ሐዋ በማግሥቱ ተመለሰች።

«ሰጠሁት!» አለች ከበሩ ላይ ሆና።

«ለማን?»

«በበቅሎ ለመጣ ለምንጃር ሰው። እታገኝን አውቃታለሁ አለ።»

«ስሙ ማነው?»

«ስሙን ጠይቂ ብለሽኛል?»

«መልኩስ?»

«እንግዲህ ሰው ነው! ጺም አለው፣ በቅሎ አለው። አቦ፣ ላገባው ነው እንዴ?»

ግቢው በሙሉ ሳቀ። ደጋግሜ ስጠይቃት አዴ ፋጡማ ዐይናቸውን አጉረጠረጡብኝ፤ የማለ ሰው ዳግመኛ አይጠየቅም ማለታቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ወንጌሉ ላይ ስለ መክሊት የሚነበብበትን ቀን አልወድም። በጥቂቱ የታመነውን ባሪያ ጌታው ሲያመሰግን ሰዉ ደስ ይለዋል። እኔ የማስበው መክሊቱን መሬት ቆፍሮ የቀበረውን ነው። እሱ ሌባ አልነበረም፤ እንደ እኔ ጠንቃቃ ነበር። በእታገኝ እጅ ላይ እምነት ጥዬ ጽዋውን በጨርቁ ጠቅልዬ ብሰጣት ኖሮ ይሰበር ይሆናል፤ ግን አይቆለፍም ነበር።

የተክሌ እግር ቢድንም ያነክስ ስለነበር ቀላል ሥራ ሰጡትና እዚሁ ቀረን። ለመሄድ ስነሣ አንድ ጊዜ እርግዝና፣ አንድ ጊዜ የልጅ ወባ፣ አንድ ጊዜ የአዴ ፋጡማ መታመም ያዘኝ። በሁለተኛው ዓመት አንድ የሞጆ እህል ነጋዴ የእታገኝን መልእክት አመጣልኝ፦ «ደኅና ነን። ስለ ሳጥኑ አታስቢ።» ይኸው ነው። አታስቢ ማለት ምን ማለት ነው? ተከፈተ ነው? ተሰበረ ነው? ማኅበሩ ፈርሷልና ከእንግዲህ ምን ይጠቅምሻል ነው? ነጋዴውን ጠየቅኩት፤ እንዲህ በል ተባልኩ፣ እንዲህ አልኩ አለኝ። ጥያቄዬን በደብዳቤ ብልክ እታገኝ ዐርፋ ቆየችኝ። ነፍሷን ይማር። ቤታችንም ወድቋል አሉ፤ ሳጥኑ ከማን እጅ እንደገባ የሚያውቅ አላገኘሁም። የማኅበሩ ሴቶች ከፊሎቹ ናዝሬት፣ ከፊሎቹ አዲስ አበባ ናቸው ይባላል።

አዴ ፋጡማ ካረፉ በኋላም ጋኑ ቆሟል። ተራዬን ሐሙስም እሑድም ዘልዬ አላውቅም፤ አሁን የሐዋንም ተራ እኔ ነኝ የምሞላው፣ ጉልበቷን ያማታል። አንድም ቀን ግን ስለ ቁልፉ ደግሜ አልጠየቅኳትም።

እዚህም የባቡር ሠራተኞች ሚስቶች የሚካኤል ማኅበር አላቸው። በየወሩ እሄዳለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ፣ ጠላ አጠላለሁ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስና ጽዋውን ሊያቀብሉኝ ሲዘረጉ ግን፣ ይለፈኝ እላለሁ። ምክንያቱን አያውቁም፤ አንዳንዶቹ ንፉግ ይሉኛል። እጄ እንቢ ይለኛል። ዘንድሮ ሰብሳቢያችን፣ «አስካለ፣ በኅዳር ካልተቀበልሽ ከእንግዲህ ከማኅበሩ ነሽ ለማለት ይቸግረናል» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ስለዚህ ያን ዕለት እቤቴ የነበራችሁ፣ በሕይወት ያላችሁ፣ እለምናችኋለሁ። ትወቅሰናለች ብላችሁ አትጨነቁ፤ እኔን ደስ ለማሰኘትም አትጻፉ። ካህኑ ሲገቡ ጽዋው ወጥቶ ነበር? ከሳጥኑ ያወጣው ማነው? ለታኅሣሥ የተቀበለችውስ ማናት? ተኳርፈው የነበሩት ሁለቱ አንድ ላይ ጠጡ? ጓጉንቸሩ ተገንጥሎም ከሆነ ንገሩኝ፤ የእናቴ ሳጥን ነው፣ ይሰበር። ያ ባለበቅሎ ሰውም ይህ ቢነበብለት፣ ወይም ልጁ ቢያነብለት፣ ከአንዲት ብርቱካን ሻጭ እጅ የተቀበለው ትንሽ ቁልፍ የት እንደደረሰ አንድ ቃል ይላክልኝ። አረንጓዴ ክር ነበረው፤ ከነጠላዬ ጥለት የመዘዝኩት። ጥለቱ ዛሬም በዚያ በኩል እንደሳሳ ነው።